ለአንዲት ፎቶ ያስነሳሁት ድንጋይ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ በጉርምስናዬ የሠራሁትን ጉድ ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። ይሄን ግን አልተናገርኩም። ለሚስቴም ትንፍሽ አላልኩም። ልናገር ብዬ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ትንሽ ኃጢአት ቀድማ ትወጣልኝና እሷን ሰጥቼ እመለሳለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ የቀለለኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ስሙኝ ብቻ።

ቦንጋ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። አባቴ ከመሀል አገር ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እናቴ የካፋ ልጅ ናት። አማርኛውንም ካፊኖኖውንም ከቤቴ ነው የተማርኩት፤ አንዱም አፌን አይዘኝም። ይሄን የምነግራችሁ ለመኩራት አይደለም። የሠራሁትን የሠራሁት በዚሁ አፌ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የሆነው ከለውጡ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ወደ ዋጫ የሚወስደው አስፋልት ያኔ ገና አዲስ ነበር። በቡና ለቀማ ወራት ናሆም የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። አባቱ እኛው ከተማ ቡና እየሰበሰበ የከበረ ነጋዴ ነው፤ ልጁ ደግሞ ቡናውን ወደ ውጭ ይልካል። መምጣቱን የሰማነው ግን በሰው ወሬ አይደለም። ከጅማ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። መናኸሪያው አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ የያዘውን ትቶ ቆመ፤ ባጃጆቹ ዳር ያዙ። ከዚያ መኪናዋ ገባች። ጥቁር ነች፣ ሰፊ ነች፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ አላለችም። የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ በሮቿም ወደ ላይ ነው የሚከፈቱት። እንዲህ ያለችውን በስልክ እንጂ በአካል ያየ ሰው በመካከላችን አልነበረም። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። እኔ ካሜራዬን ላመጣ ሮጥኩ። ማማተብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ናሆም ድርጅቱ ለሚያሳትመው ካላንደር መኪናዋን ከጫካችን ጋር ፎቶ ማስነሳት ፈለገ። የቤተሰቡን ሰርግም ክርስትናም የማነሳው እኔ ስለሆንኩ እኔን መረጠ። ስሜ ከፎቶው ሥር እንደሚጻፍ ነገረኝ። ዕድሜዬን በጉርድ ፎቶ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ስሜ ተንጠልጥሎ ታየኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አብሬው ወጣሁ። መቀመጫው ላይ ተቀመጥኩ ከምል ወደቅሁበት ብል ይሻላል። ጀርባዬ አስፋልቱን ሊነካ የደረሰ መሰለኝ፤ ጉልበቴ ከደረቴ ጋር ተስተካከለ። ወንበሩ ነጭ ቆዳ ነው፤ እጄን ቶሎ በሱሪዬ ጠረግኩ። በመስኮቱ ስመለከት ደግሞ የማውቃቸው ሰዎች ፊት አይታይም። የሚታየው ወገባቸውና እግራቸው ነው። ሰላም የሚሉኝ ይመስለኛል፤ ማን እንደሆኑ ግን አላውቅም። ከተማው ውስጥ ባሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ ናሆም ሆዷ እንዳይፋቅ በሰያፍ፣ በጣም ቀስ ብሎ ነበር የሚያልፈው። ለብረቱ ሲሳሳለት አየሁ።

ከከተማው እንደወጣን ነዳጁን ረገጠው። ድምፁ ከኋላዬ ተነስቶ የጎድን አጥንቴ ውስጥ ገባ። ጫካው ዛፍ ዛፍነቱን ትቶ አንድ አረንጓዴ ግድግዳ ሆነ። ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ ለቀው ወደ ውስጥ ሲሸሹ ለቅጽበት አየሁ። ፈራሁ፤ ፍርሃቱን ግን ወደድኩት፤ ሳቅሁ። በመንገዱ ዳር ሸክም ይዘው የሚሄዱትን ሰዎች፣ እኔው ራሴ በየቀኑ አብሬያቸው የምሄደውን ሰዎች፣ ምነው ዳር ቢይዙ ብዬ ተቆጣኋቸው። በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ ሰው እንዲህ ይለወጣል? እኔ ተለወጥኩ። ወይም እንዲሁ ነበርኩና የምቀመጥበት ወንበር ጠፍቶ ነው።

ጥቁር መኪና ማንሳት አስቸጋሪ ነው። ፊት ለፊቷ ያለውን ሁሉ መልሳ ታሳያለች፤ ዛፉን፣ ሰማዩን፣ ካሜራ ይዤ ያጎነበስኩትን እኔን ጭምር በሯ ላይ አየሁት። ሰማዩ ዳምኗል፣ ጫካው ጨልሟል፣ አስፋልቱ ጥቁር ነው። በካሜራዬ ሳያት የለችም፤ መብራቷ ብቻ እንደ ሁለት ዓይን ወደ እኔ ያያል። ደጋግሜ አነሳሁ፣ ደጋግሜ አጠፋሁ። ቀይ ነገር አስፈለገኝ።

ከአንድ መታጠፊያ አለፍ ብሎ ጋሽ ወዳጆን ቡና አስጥተው አገኘናቸው። ጋሽ ወዳጆ በእናቴ በኩል ይዛመዱኛል። በሰፈራቸው ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ በመስቀልና ማር በመቁረጥ እሳቸውን የሚያህል የለም፤ ሌላው የፈራውን ዛፍ እሳቸው ናቸው የሚወጡት። የዚያን ቀን ግን ገና የተለቀመ፣ እርጥብ፣ ቀይ ቡና ነበር የዘረጉት። አስፋልት ከገባ ወዲህ የእኛ ገበሬ ቡናውን መንገድ ዳር ያሰጣል፤ ሙቀቱ ቶሎ ያደርቅለታል። መኪና በሚያልፍበት በኩል ደግሞ ትልልቅ ድንጋይ ይደረድራል። ትራፊክ ይከለክላል፣ መልሶ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሾፌሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ድንጋይ ካየ ሰው እንዳለ አውቆ ቀስ ይላል።

በመጀመሪያ ድንጋዩ እንዳለ አነሳሁ። ድንጋዩ ፎቶዬን አበላሸብኝ። ወደ ጋሽ ወዳጆ ሄድኩና በካፊኖኖ ድንጋዩን እንዲያነሱልኝ፣ ቡናውንም እስከ መሀሉ መስመር እንዲስቡልኝ ለመንኳቸው። እሳቸው ቡናውን አዩ፣ መታጠፊያውን አዩ።

"ድንጋዩ ከተነሳ ምን ይጠብቀኛል?" አሉኝ።

"እኔ አለሁ" አልኳቸው።

እኔ አለሁ አልኳቸው። ይሄን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩን አንድ በአንድ ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ያስነሳሁት እኔ ነኝ።

ናሆም ከመታጠፊያው ወዲያ ሄዶ ይቆማል። ከዚያ ሆኖ መንገዱ አይታየውም፤ የሚያየው ከመንገዱ ዳር ካለው ከፍታ ላይ የወጣሁትን እኔን ብቻ ነው። እጄን ሳነሳ ይመጣል። የመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ መጣ፤ ጎማዋ ቡናውን ጨፍልቆ አለፈ፤ ፎቶው ግን የቆመ መኪና ሆነብኝ። ተመልሶ ፈጠን ብሎ እንዲመጣ ነገርኩት። ጋሽ ወዳጆ የተበተነውን ቡናቸውን ሊመልሱ ወደ መሀል ገብተው ነበር። በካሜራዬ አየኋቸው። አጎንብሰዋል። አላየሁም ብዬ ብዋሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ አይቻለሁ። ደመናው ከፈት ብሎ ብርሃን ወርዶ ነበር፤ ብርሃኑ ሳይሄድብኝ፣ እሳቸውም መኪናዋ እስክትደርስ ይወጣሉ አልኩና እጄን አነሳሁ።

መኪናዋ የተጨፈለቀው ቡና ላይ ስትደርስ ኋላዋ ከዳት። ናሆም ሊይዛት ሞከረ። ዞራ ጋሽ ወዳጆን እግራቸው ላይ መታቻቸውና ዳሩን ይዛ ቆመች። ሞተሯ ጠፋ። ሞተሯ እንደገና ሲነሳ ሰማሁ። አንድ መብራቷ ተሰብሮ ነበር እንጂ ደህና ነበረች።

ሌላም አለ። ጋሽ ወዳጆ እየደሙ ወድቀዋል፤ አገሩ ውስጥ የሚቀድማት የሌለ መኪና አጠገባችን ቆማለች። አንደኛው ወንበር ባዶ ነው። ናሆም ወንበሩን አየ፣ እኔም አየሁት። ነጭ ነው። ሁለታችንም ከዋጫ በኩል አይሱዙ እስኪመጣ ጠበቅን። የጭነት መኪናው ላይ፣ ጆንያ ላይ አስተኝተን ወሰድናቸው። ሐኪሞቹ፣ "ቶሎ ቢመጡ ኖሮ" አሉና ቀሪውን አልጨረሱልኝም። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን ትራፊኩ ቃል ሊቀበል ሆስፒታል መጣ። ከሌላ ዞን በቅርብ የተዛወረ ልጅ ነው፤ ካፊኖኖ አይሰማም። ጋሽ ወዳጆ ደግሞ አማርኛ አይናገሩም። አስተርጓሚ ማን ይሁን ሲባል ታዬ አለ ተባለ፤ ታዬ እኔ ነኝ። ከመግባታችን በፊት ናሆም ኮሪደሩ ላይ ጠጋ ብሎኝ፣ "ጋሽ ታዬ፣ እኔ ያየሁት የእርስዎን እጅ ነው" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም።

ትራፊኩ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ጋሽ ወዳጆ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ተናገሩ። "ድንጋዩን አንሳ ያልከኝ አንተ ነህ፤ ቡናውንም ያስሳብከኝ አንተ ነህ። ይሄን ንገረው።"

ወደ ትራፊኩ ዞርኩ። "ቶሎ እንዲደርቅልኝ ብዬ ወደ መሀል ሳብኩት፤ ድንጋይም አላደረግኩም ነው የሚሉት" አልኩ።

ልጁ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "እንዲህ እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ሰው ነበር ወይ?" አለኝ። ያ ጥያቄ ለእኔ የተላከ ነበር። አሁንም መመለስ እችል ነበር። ወደ ጋሽ ወዳጆ ጎንበስ አልኩና በካፊኖኖ፣ "ውሃ ይፈልጋሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ትራፊኩ "የለም" ብሎ ጻፈ።

አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለም ያስነካሁት እኔ ነኝ። ወጥቼም ለትራፊኩ ፎቶ ሰጠሁት፤ ቀይ ቡና መሀል መንገድ ላይ፣ ድንጋይ የለም። ድንጋይ ያለባቸውን አጥፍቻቸው ነበር። ጥፋቱ የጋሽ ወዳጆ ሆነ፤ መንገድ በመዝጋታቸው ምንም ካሳ አይገባቸውም ተባለ። ናሆም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ካላንደሩ ታተመ፤ ስሜም ከሥሩ ተጻፈ። ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተሰቅሎ አየሁት። በጣም ጥሩ ፎቶ ነው። እግዜር ይቅር አይበለኝ፣ ዛሬም ሳየው ጥሩ ፎቶ ነው።

ጋሽ ወዳጆ ከዚያ በኋላ ዛፍ አልወጡም። ቀፎዎቻቸው ከላይ እንደተሰቀሉ ቀሩ፤ ንቦቹ ሲገቡና ሲወጡ ከታች ተቀምጠው ያዩ ነበር። እኔ ስኳርና ሳሙና ይዤ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። በደንብ ይቀበሉኛል፣ ማር ካለ ማር ያቀርቡልኛል። ለትራፊኩ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፣ ሕጉ ነው የከፋ፣ ብያቸዋለሁ። እሳቸው ዝም ብለው ያዳምጡኛል። ዝምታቸውን እምነት ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ መተርጎም ለምጄ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሞቱ። ለቅሶ ሄድኩ። ሰው ሳሳ ሲል ባለቤታቸው እትዬ አበበች ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ለስኳሩና ለሳሙናው ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳቸው።

"ታዬ፣ ወዳጆ አማርኛ ይሰማ ነበር" አሉኝ። "መናገሩ ነው እንጂ የሚቸግረው። የዚያን ቀን ያልከውን ሁሉ ሰምቶሃል። የእህታችን ልጅ ነው፣ ሰው ፊት አላዋርደውም፣ ራሱ መጥቶ ይናገራል ብሎ እስኪሞት ጠበቀህ። እኔም ጠበቅኩህ።"

ያን ሁሉ ጊዜ ማር ሲያቀርቡልኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ሲሉ፣ እየጠበቁኝ ነበር። እትዬ አበበች አልተቆጡም፣ አላለቀሱም፤ እያዩኝ ቆመው ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር።

"ምኑን፣ እትዬ?" አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "ምንም፣ ልጄ" አሉና ወደ ለቀስተኞቹ ተመለሱ።

ሆስፒታል ውስጥ ፈርቼ ነው ልላችሁ እችላለሁ። እስር ነበረብኝ፣ ናሆም በር ላይ ቆሞ ነበር። በዚያ ጓሮ ግን ማን አስፈራራኝ? ትራፊክ የለም፣ ክስ የለም፣ ጋሽ ወዳጆ የሉም። ይቅር ልትለኝ የቆመች አንዲት ሐዘንተኛ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ካድኳት። ስለዚህ ፍርሃቴን ምክንያት አላደርግም፣ ስሜን መውደዴንም አላደርግም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተ የበደልኳችሁ ነገር የለም። የምትምረኝ ሴት በሕይወት አለች፤ ቤቷን አውቀዋለሁ፤ ከፎቶ ቤቴ በእግር የሚደረስ ነው። ይሄን ሁሉ ለእናንተ የጻፍኩት እዚያ ላለመሄድ ነው።