የደፋሁት ዝናብና የለካሁት በረዶ

ከቤት የወጣሁት ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከመሐል ሜዳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ሩብ ጉዳይ ለአስራ ሁለት ይነሳል። ነሐሴ ነበር፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገና ማካፋቱ ነው። ለምን እንደወጣሁ የሀገሬ ሰው ስለሚያውቀው አልደግመውም። ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ለአባቴ አልነገርኩም።

አባቴ አስተማሪ ናቸው። በግቢያችን መሐል ከአዲስ አበባ የመጡ የአየር ሁኔታ ሰዎች የተከሉት የዝናብ መለኪያ አለ፤ የቆርቆሮ በርሜል መሰል ነገር ነው፣ ከውስጡ ውሃ የሚያጠራቅም ጠርሙስ አለው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አባቴ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሃውን ባለ መስመር ብርጭቆ ውስጥ ገልብጠው ያነባሉ፣ ቅጹ ላይ ይጽፋሉ፣ ይደፋሉ። ከፍ ስል እኔም አነብ ነበር። ሁለት ነገር አስተምረውኛል። በእርሳስ ጻፍ፤ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሄዳል። ደግሞ ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት አይቻለሁ፣ ምንም አልነበረም ማለት ነው። ባዶ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው። በአባቴ ቅጽ ላይ ባዶ ሳጥን ኖሮ አያውቅም።

በዚያ ጠዋት በመለኪያው አጠገብ ሳልፍ ለመጨረሻ ጊዜ ላንብበው ብዬ ቆምኩ። በስልኬ መብራት አነበብኩ፤ ሃያ ሦስት ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ እጄ እንደለመደው ውሃውን ደፋሁት።

ጣርማ በር ስንደርስ ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ ሦስት ሰዓት። አባቴ የሚያነቡትን ውሃ እንደደፋሁባቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ካርቱም ሆኜ ስደውል እናቴ፣ «መሄድህንስ ጠርጥሮት ነበር፤ ውሃውን ለምን ደፋው ነው የሚለው» አለችኝ። አባቴ የዚያን ቀን ሳጥን ባዶ ትተውታል። ስልክ ላይ አልመጡም። በየወሩ እደውላለሁ፣ በየወሩ «ግቢ ነው» ትለኛለች። አራት ዓመት ሙሉ።

ስለ መንገዱ የሚጽፉ ብዙ ስለሆኑ አሳጥረዋለሁ። ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ባሕሩ፣ ጣሊያን፣ የፈረንሳይዋ ካሌ። ደብተሬ ባሕር ላይ ርሶ እንደ እንጀራ ተጣብቆ ነበር፤ ሲደርቅ ጽሑፉ አለ። እርሳስ ነበር።

ለንደን የጥገኝነት ኢንተርቪው ሳደርግ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ያንን ደብተር በሁለት ጣቱ እየገለጠ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«እነዚህ ቁጥሮች ምንድን ናቸው? ኮድ ነው?»

«ዝናብ ነው።»

«በሰሃራ በረሃ?»

«እዚያ ዜሮ ዜሮ የሚለው ነው።»

«ዝናብ ከሌለ ምን ትጽፋለህ?»

«ዜሮ።»

አስተርጓሚው ሰላሌ ነው የተወለደው፤ ወደ እኔ ዞር ብሎ በአማርኛ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ብንቆም ይሻላል» አለኝ። መኮንኑ ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አደረገው። ወረቀቴ ከአስራ አራት ወር በኋላ መጣ፤ ደብተሩ ይርዳኝ ይጉዳኝ አላውቅም።

አሁን የምኖረው ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ፣ እማማ ለተብርሃን ቤት ነው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ላይኛውን ክፍል አከራይተውኛል። ጓሮው ስድስት ሜትር በአራት ሜትር ተኩል ነው። እዚያ ለበረዶ መለኪያ ነጭ ቀለም የቀባሁት ሳንቃ አስቀምጫለሁ፣ ከጎኑ ለዝናብ ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቼ አያለሁ። የለንደን ዝናብ ስሙ ይበልጣል፤ የእኛ ነሐሴ በአንድ ሌሊት የሚያወርደውን እዚህ በትንሽ በትንሹ ወር ሙሉ ይቆጥቡታል።

እማማ ለተብርሃን በረዶን በተመለከተ አይቻሉም። እሳቸው የመጡ ዓመት የወረደው ሌላ ነበር ይላሉ። አምና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «እስከዚህ» አሉኝ። ለካሁት፤ አርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ዘንድሮ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወጣ። ስልሳ አንድ።

«እማማ፣ በረዶው በዓመት አስራ አምስት ሳንቲ አድጓል።»

«አንተ ያኔ አልተወለድክም። ምን ታውቃለህ?»

«ያኔ ማስመሪያ ነበረዎት?»

«ጉልበት ነበረኝ» አሉ።

በጥር ወር አንድ ቀን ማታ በረዶው መውረድ ጀመረ። እኛ ሀገር በረዶ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው መምጣቱ የሚታወቀው፤ የዚህኛው ድምፅ የለውም። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ጓሮው ተሞልቷል። ሳንቃው ላይ ሦስት ቦታ ለካሁ፤ አስራ ስድስት ተኩል፣ አስራ ሰባት፣ አስራ ሰባት ተኩል ሳንቲ። ቆርቆሮውን ገልብጬ በረዶውን እስከ ሳንቃው ድረስ ወጋሁትና ውስጡ የቀረውን ይዤ ወደ ኩሽና ገባሁ።

እማማ ለተብርሃን ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። «አሁን ደግሞ በረዶውን ቤት ልታስገባው ነው? እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳስወጣ ነው የኖርኩት።»

«ላቀልጠው ነው፣ እማማ።»

«ብትተወው ራሱ አይቀልጥም? ደግሞ በዚህ ጨለማ ለምን?»

«ሰዓቱ ስለሆነ ነው።»

በአባቴ የመለኪያ መመሪያ ውስጥ በረዶን የሚመለከት አንድ ገጽ አለ፤ በተለካ ሞቅ ያለ ውሃ አቅልጠህ የጨመርከውን ቀንስ ይላል። የተጻፈው ለሰሜን አገሮች ነው፤ መሐል ሜዳ ላይ ማንም አልተጠቀመበትም። አባቴ ግን ወደ አማርኛ እየመለሱ እንግሊዝኛውን በቃሌ አስጠንተውኛል። ከእንግሊዝኛ መጀመሪያ ያወቅኩት ያን ገጽ ነው።

ማታ ስልኬ ጮኸ። ደውላልኝ የማታውቀው እናቴ ናት።

«ሀብታሙ፣ በቴሌቪዥን ለንደንን አሳዩት፤ ሁሉም ነጭ ነው። አባትህ ስንት ነው ይልሃል።»

«አስራ ሰባት ሳንቲ።»

ወደ ጎን ስትነግራቸው ሰማሁ። «ቁመቱን አይደለም፤ ውሃውን ነው የምለው ይላል።»

«አስራ አምስት ነጥብ አምስት ሚሊ።»

«አስራ አምስት፣ አምስት» አለቻቸው።

«አስራ አምስት ነጥብ አምስት ነው ወይስ መቶ ሃምሳ አምስት?» የሚል ድምፅ መጣ። «አምጪው እስቲ ስልኩን።»

ከዚያ አባቴ ነበሩ። ደህና ነህ አላሉም።

«ሞቅ ያለ ውሃ ስንት ጨመርክ?»

«ሃያ።»

«ቀንሰሃል?»

«ቀንሻለሁ። ድምሩ ሠላሳ አምስት ተኩል ነበር።»

«መለኪያህ ከግድግዳ ስንት ይርቃል?»

«ሁለት ሜትር ከሃያ።»

«አይበቃም።»

«ጓሮው ጠባብ ነው፣ አባባ።»

«ቢጠብም አይበቃም። በስንት ሰዓት ለካህ?»

«በሦስት ሰዓት።»

«በማን ሦስት ሰዓት?»

«በእርስዎ።»

ወንበር ሲስቡ ሰማሁ።

«የእኔ ሦስት ሰዓት እዚያ ስንት ነው?»

«አስራ ሁለት። በበጋ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ አንድ ይሆናል፤ እኔም አብሬ አዞራለሁ።»

«ጨለማ አይደለም?»

«አሁን ጨለማ ነው። መብራት ይዤ ነው የምወጣው።»

አራት ዓመት ያዘጋጀሁት ነገር ነበር፤ አሳጠርኩት። «አባባ፣ የዚያን ቀኑ ሃያ ሦስት ነጥብ አራት ነው። በአስራ አንድ ሰዓት አንብቤዋለሁ። ደብተሬ ላይ አለ።»

«ያለ ሰዓቱ ነው ያነበብከው።»

«አዎ።»

«ከሄድክ በኋላም ዘንቧል። እኔ ሦስት ሰዓት ላይ ያገኘሁት አንድ ነጥብ ሁለት ነበር።»

ድምሩን እሳቸውም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ስልኩን ለእናቴ መለሱላት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳት።

«የቅጾቹን ሣጥን ከፍቶ ወረቀት ያገላብጣል።»

«እርሳስ ይዘዋል?»

«ከዚህ አይታየኝም» አለች። ካርዷ አለቀ። መልሼ ብደውል አይነሳም።

ዋናው ቅጽ በየወሩ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ቤት የሚቀረው ግልባጩ ነው። እሱ ላይ ድምሩን ይጻፉት አይጻፉት አላውቅም፤ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ቀን በረዶው አልቆ ሳር ታየ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራቴን ይዤ ወጣሁ። ሳንቃው ደረቅ ነው፣ ቆርቆሮውም ባዶ ነው። ዜሮ ጻፍኩ።