የአባዬ ስልክ ቁልፍ

የአባዬን ስልክ ይዤ ሽሮ ሜዳ ሞባይል ከሚጠግን ልጅ ዘንድ ሄድኩ፤ የመነጋገሪያው ሽቦ ተበጥሶ ነበር። ልጁ ሽቦውን ሊበይድበት ስታኞ ሲያቀልጥ ሽታው የልጅነት ቤታችን ውስጥ ከተተኝ።

አባዬ ሸማኔ ነበር። በትርፍ ሰዓቱ ስታኞ እያቀለጠ ከሦስት የተጣሉ ስልኮች አንድ ስልክ ሠራ፤ ሽፋኑ ከአንዱ፣ መነጋገሪያው ከሌላው፣ ጣት ከትተው የሚያዞሩት ክብ ቁጥር ከሦስተኛው። ሲጨርስ ዳንቴል አለበሰው። ከዚያ ባለ ስልክ ጎረቤቶቻችን እንደሚያደርጉት፣ ማንም እንዳይደውልበት በቁጥሩ ቀዳዳ ትንሽ ቁልፍ ቆለፈበት። መክፈቻውን ከማተቡ ጋር አሰረው።

«አባዬ፣ መስመር እንኳ የለንም፤ ለምን ይቆለፋል?» አልኩት።

«ያልተቆለፈ ስልክማ መጫወቻ ነው» አለኝ ኮስተር ብሎ። «መስመር የገባ ዕለት አንቺ ትከፍቺዋለሽ።»

ለመስመር ከተመዘገበ ቆይቶ ነበር። ዳንቴሉ ስንቴ ታጥቦ ተመለሰ፤ መስመሩ ግን አልመጣም። አባዬ ሲሞት ማተቡን የፈታ የለም፤ መክፈቻው አብሮት ተቀበረ።

ልጁ ሽቦውን በይዶ ጨረሰና ቁልፉን በፒንሳ ነካ አደረገው።

«ይሄንንስ ልስበረው እንዴ፣ እናቴ?»

«ተወው» አልኩት። «መስመር ገና አልገባልንም።»