ዳክዬዋን አንቱ ያላት ኤሊ

ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ጉትሎይትፊርቴል በሚባል ሰፈር ባለች ጠባብ ስቱዲዮ፣ ለልጆች የሚተላለፍ የአሻንጉሊት ፕሮግራም እጽፋለሁ። መጀመሪያ በጀርመንኛ፣ ከዚያ እዚህ ለሚያድጉት የኛ ልጆች በአማርኛ። ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ዳክዬ ናት። ሁሉም ወንድ ስትመስላቸው ኖራ፣ ባለፈው ዓመት በጻፍኩት ክፍል ለጎረቤቷ ለሽማግሌው ኤሊ «እኔ እኮ ሴት ነኝ» ብላ ትነግረዋለች። ኤሊውም «እሺ፣ ነይ እንዋኝ» ይላታል። አለቀ።

ጀርመንኛው አንድ ከሰዓት አልፈጀብኝም፤ አንተም አንቺም ያው «ዱ» ነው። አማርኛው ግን ና ወይስ ነይ፣ ብላ ወይስ ብይ እያለ በየመስመሩ ሰው ያፋጥጣል።

ኤሊውን የሚጫወቱት ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ተማሪ ሆነው መጥተው እዚሁ ያረጁ። ጋሼ እንላቸዋለን። ዳክዬዋን የምትጫወተው ደግሞ ኒድ በሚባል የከተማው ሰፈር አረጋውያን የምትንከባከብ ወጣት ናት። እሷም ራሷ ወንድ ተብላ ያደገች ሴት ናት፤ ስጽፍ «አደራ አታስለቅሻት፣ ዳክዬ ናት፣ ታስቅ» ያለችኝ እሷ ናት።

ቀረጻ ተጀመረ። ጋሼ ዳክዬዋን ለዓመታት «ና» ሲሏት ስለኖሩ ምላሳቸው አልታዘዝ አለ።

«እሺ፣ ና... ነ... ናይ!»

ኤርትራዊው የድምፅ ባለሙያ ከመስታወቱ ማዶ በትግርኛ «ናይ መን?» አለ፤ የማን ማለቱ ነው። ቀረጻው በሳቅ ተበላሸ።

ደገምን። «ናይ!» ሠለስን። «ናይ!» ጋሼን ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ጳጳስ ፊት እንደቆመ ሰው ጎንበስ ብለው፣ «እሺ እመቤት ዳክዬ፣ ይምጡ፣ አብረን እንዋኝ» አሉ።

ዳክዬዋ ክንፏን ዘረጋችላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

ሳቁ ሲበርድ ጋሼ አፈሩ። «እንዳልሳሳት ፈርቼ ነው» አሏት ወጣቷን። «አንቺን ስጠራ እኮ አልሳሳትም።»

«እኔንማ ሴት ሆኜ ነው ያወቁኝ።»

«እሷን ግን የማውቃት ወንድ ሆና ነው።»

«አይ ጋሼ፣ ያኔም ሴት ነበረች። ለእርስዎ ገና አሁን ነገረችዎ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ቶሎ አልነገረችኝም?» አሉ፣ የምር ቅር ብሏቸው።

«ያኮርፋሉ ብላ ይሆናል።»

«እኔ? ከዳክዬ ጋር?»

በማግስቱ ጋሼ ኒዳ ወንዝ ዳር ወርደው ለእውነተኛ ዳክዬዎች «ነይ! ነይ!» ሲሉ አረፈዱ። አንዲት ጀርመናዊት ዳቦ የሚወረውሩ መስሏት፣ መመገብ ክልክል ነው ብላ ተቆጣቻቸው። ባዶ እጃቸውን አሳይተው «ቋንቋ እያጠናሁ ነው» አሏት። ከሰዓት ስቱዲዮ መጥተው «ነይ እንዋኝ»ን በአንድ ትንፋሽ፣ በሚያምር ድምፅ አወጡት።

እኔ ግን የ«ይምጡ»ውን ቀረጻ መጣል አሳዘነኝ። ከፊቱ አስገባሁት፤ ኤሊው ደንግጦ አንቱ ይላታል፣ ትስቅበታለች፣ ከዚያ «ነይ» ይላታል።

ከተላለፈ በኋላ አንድ አባት ስቱዲዮ ደወለ። ድምፁ ቆጣ ያለ ነው። ስለ ዳክዬዋ ሊሞግተኝ ነው ብዬ ወገቤን አጠበቅኩ።

«ልጄ ይህን ፕሮግራም ካየ ወዲህ ድመታችንን አንቱ ይላታል።»

«ውይ፣ ይቅርታ...»

«ይበል፣ ግድ የለኝም። እኔን አባቱን ግን አሁንም አንተ ነው የሚለኝ! ስለ አባት አንድ ነገር አትጽፊም?»

«እሞክራለሁ» አልኩት። ከዚያ ፈራ ተባ እያልኩ «ዳክዬዋስ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ዳክዬዋ ደግሞ ምን ሆነች?» አለኝ።