ሾተላይ ከዘራ አይዝም

ካሰችን የማያውቅ ሰው ደብረ ታቦር ገበያ ከአንዲት አሮጊት ጎን ተቀምጣ ድንች ስትሸጥ ቢያያት፣ እናትና ልጅ ናቸው ብሎ ያልፋል። የሚያውቃት ግን ይገረማል። አሮጊቷ እቴነሽ፣ ካሰች ከስሳ ያሳሰረችው የደምሴ እናት ናቸዋ! «እንዴት አብራችሁ ትኖራላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ደፋር አይጠፋም። ካሰች ሚዛኗን አስቀምጣ፣ «ድንች ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ነገር?» ትለዋለች።

ከልጅነቷም ምላሷ አይታጠፍም። ከጋፋት አለፍ ብላ ባለች መንደር ለሞላ ስትዳር፣ «ይህችን ማን ይችላታል?» ያሉ ነበሩ። ሞላ ቻላት፤ እንዲያውም ወደዳት። የመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና ሳይነሳ ሲሞት፣ ሾተላይ ነው ተባለ። በዚያ አገር ጽንስ ሲወርድም ሆነ ጨቅላ ሲሞት፣ ጥፋቱ የሚለጠፈው በዚህ በማይታይ ክፉ መንፈስ ላይ ነው። ካሰችም አመነች። ሁለተኛውን ስታረግዝ ከደብተራ ክታብ አጽፋ አንገቷ ላይ አሰረች። እርግዝናዋ ሰባት ወር ሲገባ ሞላ ታሞ ሞተ።

ሐዘኑ ሳይወጣ የሞላ ታላቅ ወንድም ደምሴ ማሳውን ይዞር ጀመር። ልጁ ከተወለደ የአባቱን መሬት ይይዛል፤ ካልተወለደ ግን መሬቱ ወደኔ ይመለሳል ብሎ ነበር የሚያስበው። አንድ ጠዋት በከዘራው ድንበር ሲለካ ካሰች ደረሰችበት።

«ለማን ነው የምትለካው? ባለቤቱ እዚህ ነው» አለችው ሆዷን ይዛ።

«ባለቤት የለውም፤ አይኖረውምም» አለና በከዘራው ሆዷን መታት። ስትወድቅ ደገማት። የእሱና የሞላ እናት እቴነሽ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ያዩ ነበር። በማግስቱ ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር።

መንደሩ ምክንያቱን አላጣም። በእርግዝናዋ ወገቧን ሲያማት ወንዛዬ ፍልውሃ ወርዳ ስትታጠብ ክታቧን አውልቃ ነበር፤ ሴቶቹ አይተዋታል። በቃ፣ ሾተላይ ነዋ! ሰው ሲያጠፋ የሚያሳብብበት መንፈስ መቼ አጥቶ ያውቃል?

ሽማግሌዎች አያ ሙላቴን አስቀድመው መጡ። ደምሴ ስለ ዱላው አንዲት ጊደር ሊክሳት፣ እሷም ልትታረቅ።

«ልጄ» አሉ አያ ሙላቴ፣ «ክርስትና ላልተነሳ፣ ስም ለሌለው፣ ደም አይጠየቅም። ሾተላይ የወሰደውን ሆድ ይፍጀው በይና ተይው።»

«የትኛው ሆድ ነው የሚፈጀው፣ አያ ሙላቴ? ደምሴ የመታው?» አለች። «አንቱን አከብራለሁ። ሾተላይንም እፈራለሁ፤ የመጀመሪያ ልጄን በልቶብኛል። ግን ሾተላይ ከዘራ አይዝም! ጊደሯን ይዛችሁ ሂዱ።»

ወገቧ ሳይጠና ደብረ ታቦር ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ቃሏን የተቀበለው ፖሊስ «ጽንስ ወረደባት» ብሎ ጻፈና አነበበላት።

«አልወረደብኝም!» አለች። «ደምሴ አስወረደኝ በል።»

አስለወጠችው። ዐቃቤ ሕጓ ደግሞ፣ «ያለ እናቲቱ ፈቃድ ጽንስን ያቋረጠ በወንጀል ይጠየቃል። ሕጉ ክርስትና ተነስቷል ወይ አይልም» ስትላት፣ እስከዚያ ድረስ እንባ ያልወጣት ካሰች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ግን ያየ ሰው ያስፈልገናል» አለች ዐቃቤ ሕጓ። ያዩት እቴነሽ ብቻ ነበሩ።

መንደሩ አኮረፋት፤ እሳት እንኳ የሚያውሳት ጠፋ። እሷ ግን የሞላን ማሳ አሳርሳ ድንች ተከለች። እቴነሽን አልለመነቻቸውም። አንድ ቀን ምንጭ ዳር ሲገናኙ፣ «እማማ፣ ቢመሰክሩም ባይመሰክሩም እኔ አልተውም» ብላቸው እንስራዋን አዝላ ሄደች።

በችሎቱ ቀን የደምሴ ጠበቃ የክታቡን ነገር አነሳ። «አውልቀሽው አልነበረም?»

«አውልቄዋለሁ። ክታብ ያላሰረች ሴት ትመታ የሚል ሕግ አለ?»

ጠበቃው ተቀመጠ። ከዚያ እቴነሽ ተጠሩ። ደምሴ እናቱን ሲያይ ፊቱ ፈካ። አሮጊቷ ማሉ።

«እማማ፣ ልጁን የገደለው ሾተላይ ነው ይባላል» አሉ ዳኛው። «ያን ዕለት ምን አዩ?»

እቴነሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ሾተላይ አላየሁም፣ ጌታዬ» አሉ። «ልጄ የልጅ ልጄን ሲገድል አየሁ።»

ደምሴ ተፈርዶበት ወደ ወህኒ ሲወሰድ እቴነሽ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለደምሴ ወግኖ የመጣው የመንደር ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮባቸው አለፈ። ካሰች ከኋላ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይነሱ፣ እማማ» አለች። «ድንቹ ይጠብቀናል።»