አውፍ ብዬሃለሁ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተቀምጬ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስዘረዝር ይህቺን ከምላሴ ሥር ደብቄ ተመልሻለሁ። አንተ አታውቀኝም፤ ላንተ ይቀለኛል። ጓደኛዬን ሰይድን ለሞት የዳረግሁት እኔ ነኝ። እኔ።

ሰይድ የወሎ ልጅ ነበር። ዳውንታውን ላስ ቬጋስ አንድ ሆቴል ውስጥ እሱ ሾፌር፣ እኔ ጥበቃ ነበርን። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ የሆቴሉ ካዚኖ በኮሮና ሲዘጋ ሁለታችንም ቤት ዋልን። እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። ግድግዳው እየጠበበኝ ከራሴ ጋር መጣላት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ክፍል ጎትቶ አውጥቶ ሌክ ሚድ ሐይቅ ላይ ባስ የሚባለውን ባለ መስመር ዓሣ ማጥመድ ያስተማረኝ ሰይድ ነው። ዘሩ ከባሕር ነው፤ አምጥተው ሐይቁ ውስጥ ለቀቁት፣ ግድቡ ዘጋበትና እዚያው ቀረ። «እሱም እንደኛ ሎክዳውን ላይ ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

የሱን ሥጋ እኔ አልበላም፣ የኔን እሱ አይበላም። ዓሣ ግን አይታረድም፤ የሙስሊም፣ የክርስቲያን የለውም። ያን ያህል ዓመት አብረን ሠርተን ከአንድ ትሪ የበላነው ሚስቱ ዘሀራ ያንን ባስ መጥበስ ስትጀምር ነው።

ሰይድ ስኳር ነበረበት። ስለዚህ ሕግ አወጣ፤ ደኅና ከሆንን በጀልባ፣ አንዳችንን ትንሽ እንኳ ካመመን ወደ ቤት። ጀልባው ጠባብ ነው፤ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ነው የምንቀመጠው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መንጠቆው ላይ የምንሰካውን ትንንሽ ዓሣ እየቆረጥኩ ነበር። ሌላ ቀን ግማቱ አንጀት ያገላብጣል። ያን ቀን አልሸተተኝም። ጣቴን አፍንጫዬ ሥር አደረግሁት። ምንም። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም ነበር? አውቄያለሁ። ሽታ መጥፋት የኮሮና ምልክት ነው፤ ዜናው ሁሉ እሱ ነበር።

«ደኅና ነህ አይደል? ራስህን ቼክ አድርገሃል?» አለኝ ሰይድ የጀልባውን ገመድ እየፈታ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩት ላስቀው ብዬ። ሳቀ።

ለምን ዋሸሁ? ያ ክፍል ውስጥ ተመልሼ መዘጋት ፈራሁ። ይኸው ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩና ፊት ለፊቱ ስተነፍስ ዋልኩ። ያን ቀን ዓሣው እንደ ጉድ ያዘልን።

ሳምንት ሳይሞላ ሰይድ ወደቀ። እኔን ትንሽ አስሎኝ ተወኝ። ከሆስፒታል ደወለልኝ፤ ድምፁ ይቆራረጣል።

«ወንድሜ፣ ሳል ይዞሃል አለችኝ ዘሀራ። ገበያ ስወጣ ይዞኝ፣ ሳላውቅ አስተላልፌብህ ነው። የሰው ሐቅ ይዤ መሄድ አልፈልግም። አውፍ በለኝ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር።

«አውፍ ብዬሃለሁ» አልኩት።

ገባህ? የበደልኩትን ሰው፣ እኔው በበደልኩት በደል፣ ይቅር አልኩት! «አላህ ይስጥልኝ» አለኝ፤ ቀለል እንዳለው ከድምፁ ያስታውቃል። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

የሰውን ሐቅ ባለቤቱ ካልተወልህ ፈጣሪም አይተውልህም ብሎ ጀልባው ላይ ያስተማረኝ ራሱ ሰይድ ነበር። ባለቤቱ ሞተ። እንግዲህ ማን ይፍታኝ? አንተ? አንተን ምን አደረግሁህ? የቀረችው ዘሀራ ናት፤ እሷ ጋ ልናገር ሄጄ ስንት ጊዜ ከበር ተመልሻለሁ። ሐዘኗን እንዳልቀሰቅስባት ነው እላለሁ። ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው። ሰበብ የለኝም፣ አንተም አትፈልግልኝ።

ኢድ በመጣ ቁጥር ዘሀራ ትደውልልኛለች። «አውፍ ስላልከው ነፍሱ ቀሏት ሄደ። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው» ትለኛለች።

እኔም «አሜን» እላታለሁ።