የሙሽራዋ መኪና እንዳትግል

ባለፈው ጥር የጓደኛዬ የደምሌ ልጅ ደብረ ታቦር ላይ ስትዳር፣ ጎረምሶቹ የሠርጉን መኪና ሲያስጌጡ ቆሜ አይ ነበር። የፊቱን ፍርግርግ በነጭ ሻሽና በአበባ ሊሸፍኑት ሲሉ የሙሽራዋ እናት ትርንጎ ወጥታ፣ «ከፊቷ አንሡት፤ ኮፈኑ ላይ ይበቃል» አለቻቸው። ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ትርንጎ ራሷ ስትሞሸር እኔ ጀማሪ ጋዜጠኛና የደምሌ ሚዜ ነበርኩ። መኪናዋ የደምሌ አክስት ልጅ የየሻረግ ነበረች። የሻረግ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ የገዛቻት ናት፤ ራሷ እየነዳች ሰው በማመላለስ ትተዳደርባታለች። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው። በዚያን ጊዜ ያንን ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ በከተማው አልነበረም።

የደምሌ አገር ጉና ተራራ ሥር ነው። ገብሱ ታጭዶ በየአውድማው ተከምሯል፤ ነፋሱ ቆዳ ይቆርጣል። ከአቀበቱ ግርጌ የደምሌ ዘመዶች ወርደው ጠበቁንና ከመኪናዋ ፊት መጨፈር ጀመሩ። በእነሱ ደንብ የሙሽራ መኪና ጭፈራውን ቀስ ብላ ትከተላለች እንጂ አትቀድምም፣ አትቆምም።

ጥቂት እንደወጣን የሻረግ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። «ይሸትሃል?»

የተቃጠለ ዘይት ይሸት ነበር።

«የካምቢዮው ነው። ይቺ ፍሪሲዮን የላትም፤ የምትጎተተው በዘይቱ ግፊት ነው። አቀበት ላይ እንዲህ ስትንፏቀቅ ዘይቱ ይግላል። ካረረ እኔም አብሬ አለቅሁ።»

የሞተሩን ሙቀት እንዲስብላት ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ደምሌ በካባው ውስጥ ላቡ ተንቆረቆረ።

«ልትቀቅይን ነው?»

«ከመኪናዬ አንተ ብትቀቀል ይሻለኛል።»

ትርንጎ በዓይነ ርግቧ ሥር ሳቀች። ሽታው ግን ባሰ። የሻረግ ግለቱን ለማወቅ ማርሹ ሥር በእጇ ስትዳብስ አየሁ። ወርጄ ጭፈራውን ወደሚመሩት የደምሌ አጎት ሮጥኩ።

«አያ አስረስ፣ መኪናዋ ግላለች፤ ትንሽ ቆማ ትብረድ።»

«ሙሽራ ጭና? ሰው ምን ይለናል?»

«ከተበላሸች እኮ ሙሽራዋን የሚያዝሏት አንቱ ነዎት።»

«ይሄን ጉልበት አይተኸው ነው?» አሉ። ከዚያ መኪናዋን አየት አደረጉና ቀስ ብለው፣ «ትቁም። የሙሽራዋ እግር ግን መሬት እንዳይነካ፤ ጭፈራውም አይቋረጥ» አሉ።

የሻረግ ሜዳ ቦታ ፈልጋ የመኪናዋን ፊት ወደ ነፋሱ አዙራ አቆመቻት። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋ ሞተሩን ግን አላጠፋችም፤ ዘይቱ ራዲያተር ውስጥ እየዞረ የሚበርደው ሞተሩ ሲሠራ ነው። ወርዳ ወደ መኪናዋ ፊት ዞራ ስታይ ክው አለች። የትርንጎ ጓደኞች ፍርግርጉን በሻሽና በአበባ ደራርበው ጠፍረውታል፤ ለራዲያተሩ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ልትፈታው ስትል አያ አስረስ እጇን ያዙ።

«የሙሽራ ጌጥ መንገድ ላይ አይገፈፍም።»

ጭፈራው ቀዘቀዘ። ትርንጎ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«አያ፣ አይገፈፍ። ለኔ ስጡኝ፤ ጉልበቴ ላይም ቢሆን ያው የሙሽራ ጌጥ ነው።»

ሽማግሌው አሰቡ። ከዚያ ራሳቸው ፈትተው አስታቀፏት። ሽታው እስኪጠፋ ቆየን። በመጨረሻም አያ አስረስ ጨፋሪውን ወደ ኋላ አድርገው መንገዱን ለቀቁልን፤ መኪናዋ በዝቅተኛው ማርሽ አቀበቱን ባንድ ትንፋሽ ወጣች።

ዳሱ ውስጥ ጠላና ትኩስ የድንች ወጥ ቀረበ። የሻረግ አልተቀመጠችም። ወደ መኪናዋ ተመልሳ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዛ በጣቷ ነካች፣ አሸተተች፣ ለፀሐይ አሳየችው። «ገና ቀይ ነው፤ አላረረም» አለችና እጇን ታጥባ ልትበላ ገባች።

በሥራዬ ከዚያ የከፉ መንገዶች ሄጃለሁ። ቢሆንም እስከ ዛሬ የተቃጠለ ዘይት ሲሸተኝ መጀመሪያ የማየው የሹፌሩን እጅ ነው።

ባለፈው ጥርም መኪናዋ ልትነሣ ስትል አንዲት እንግዳ፣ «ምነው ፊቷን ባዶ አደረጋችሁት?» ብላ ጠየቀች።

ትርንጎ መዳፏን ፍርግርጉ ላይ አሳርፋ፣ «ትተንፍስ ብለን ነው» አለቻት።