ዲስኩን ማን ያመጣል?

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ፍራንክፈርት ላይ «ሥራዬ ዲስክ ጎልፍ ነው» ስል የሚያምነኝ ሐበሻ አልነበረም። ሳህን የመሰለ ፕላስቲክ ወርውሮ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ መክተት ነው። ከአስር ዓመት በላይ በየከተማው ስወዳደር ኖሬ፣ የሚስተካከለኝ ብዙም አላየሁም። ስለዚህ ፍቅረኛዬን ሰላምን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁት በሙሉ ልብ ነበር።

አባቷ ጋሼ ተስፋይ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ከፋብሪካ ጡረታ ወጥተው ጋሉስ ሰፈር የሚኖሩ፣ ለሽማግሌ እንኳ እንደ ጀርመኖቹ «ቴርሚን» ብለው ቀጠሮ የሚሰጡ። በቴርሚናችን ቀን ሦስቱ ሽማግሌዎቼ «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው ሳሎኑ ውስጥ ቆሙ። እኔ ደረጃው ላይ ስጠብቅ ጋሼ ተስፋይ አስጠሩኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ዲስክ እየወረወርኩ እወዳደራለሁ፣ ጋሼ።»

«የወረወርከውን ማን ያመጣልሃል?»

«ራሴ።»

«ታዲያ ለምን ትወረውረዋለህ?»

ሽማግሌዎቼ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን «ሳያዩ አይፍረዱብኝ» አልኩና ሁሉንም በትራም ወደ መናፈሻው ወሰድኳቸው። ከሃምሳ እርምጃ ላይ ወረወርኩ። ሰንሰለቱ ተንሿሿ፣ ዲስኩ ገባ።

የጋሼ ተስፋይ ፊት አልተፈታም። እጃቸውን ሲዘረጉ ሌላ ዲስክ ሰጠኋቸው። ካፖርታቸውን አውልቀው ለአንደኛው ሽማግሌ አሸከሙና ባላቸው ኃይል ወረወሩት። ዲስኩ ከቅርጫቱ በላይ አልፎ እሾሃም ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ጋሼ ተስፋይ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«በል አማቼ» አሉኝ፣ «ሂድና አምጣልኝ።»